የባዮሎጂ ክበብ፦ ለእባብም ሰባት ቤት ይቆጠር

ዘንድሮ የባዮሎጂ ክበባችን ዓመቱን ያሳለፈው በአብዛኛው ስለ እባብ ሲከራከር ነው። ወላጆች አይደንግጡ፤ አንድም እባብ ግቢያችን አልገባም። ነገሩን ያመጣው አንድ የ10ኛ ክፍል አባላችን ነው። በአሜሪካ ሰዎች ቤታቸው የሚያሳድጓቸውን ነጭ፣ ቢጫና ብርቱካናማ እባቦች በስልኩ አሳየንና "ቲቸር፣ ይሄ ሁሉ ቀለም ከየት መጣ?" አለ።

እባቡ ቦል ፓይተን ይባላል። አገሩ አፍሪካ ነው፤ ከሴኔጋል እስከ ኡጋንዳ ይገኛል። ዱር ውስጥ ቡናማና ጥቁር ነው። አልፎ አልፎ ግን ቀለሙ የተለየ ይፈለፈላል። አርቢዎች የሚራኮቱት ለእሱ ነው፤ ገንዘቡ ያለው እዚያ ነዋ።

አልቢኖውን እንውሰድ። ነጭና ቢጫ ሆኖ እንዲወጣ ጂኑ (ከወላጅ የሚወረሰው የባሕርይ መመሪያ) ከእናትም ከአባትም መምጣት አለበት። አርቢው አንድ አልቢኖ ብቻ ካለው ከተራ እባብ ጋር ያዳቅለዋል። ልጆቹ ሁሉ ተራ ይመስላሉ፤ ጂኑን ግን ደብቀው ይይዛሉ። ቀለሙን መልሶ ለማግኘት አቋራጩ መንገድ ወንድምን ከእህት፣ ወይም ልጅን ከአባቷ ማዳቀል ነው። ጣጣው እዚህ ይጀምራል።

ይህን በነጭና በቀይ ቦሎቄ ሠርተን አየነው። ነጩ የተራው፣ ቀዩ የአልቢኖው ጂን ነው፤ ሁለቱ ቀለሞች እኩል የተቀላቀሉባቸው ሁለት ሳህኖች እናትና አባት ናቸው። ተማሪዎቹ ዓይናቸውን ጨፍነው ከየሳህኑ አንዳንድ ፍሬ እያነሱ ያጣምራሉ። ሁለት ቀይ ከገጠመ አልቢኖ ነው። በአማካይ ከአራቱ አንዱ እንደዚያ ይወጣል። ቀጥለን ጥቂት ጥቁር ቦሎቄ ጨመርን፤ የተደበቀ በሽታ ማለት ነው። ጥቁሩም በዚያው መንገድ ጥንድ እየሆነ መጣ። ቀለሙን የሚያወጣው እርባታ ሌላውንም የተደበቀ ነገር አብሮ ያወጣል። ወንድምና እህት ተዳቅለው የሚወልዱት ልጅ፣ አንድ ጂኑ በእናቱም በአባቱም በኩል ከአንድ ምንጭ የተቀዳ ጥንድ የመሆን ዕድሉ 25 በመቶ ነው። የአክስትና የአጎት ልጆች ተጋብተው ለሚወልዱት ልጅ ቁጥሩ 6.25 በመቶ ነው። አንዷ ተማሪ "አያቴ ሰባት ቤት ቁጠሩ የምትለው ለካ ወዳ አይደለም!" አለች። ያን ቀን ሌላ ሥራ አልተሠራም።

አንድ ነገር ላይ ግን ድርቅ ብዬ ተከራክሬያለሁ። ዘመድን ከዘመድ ማዳቀል አዲስ በሽታ አይፈጥርም፤ የተደበቀውን ያወጣል እንጂ። ስፓይደር የሚባለውን የቦል ፓይተን ዓይነት ብዙዎች ከዚህ ጋር ይደባልቁታል። ስፓይደር ጭንቅላቱ ይንቀጠቀጣል፣ ሚዛኑን መጠበቅ ያቅተዋል፤ የውስጥ ጆሮው ጤነኛ አይደለም። ይህ የሚመጣው ከራሱ ከቀለሙ ጂን ጋር ነው፤ አንድ ቅጂ ብቻ ይበቃል። ምንም ከማይዛመደው እባብ ጋር ቢዳቀልም ጂኑን የወረሰው ልጅ ችግሩን ይወርሳል። ስለዚህ "አዲስ ደም አስገባሁ" ብሎ ስፓይደር የሚሸጥ ሰው ምንም አላስተካከለም። በእኔ እምነት ጭራሽ መራባት የለበትም።

አዲስ ደም የሚሠራበትን ቦታ ያገኘነው ስዊድን ነው። ስሚየሁክ በተባለ ቦታ በእርሻ መሬት ተከበው ከሌሎቹ የተነጠሉ እፉኝቶች ነበሩ። እርስ በርስ ሲዋለዱ ኖረው ብዙ ልጆቻቸው ሞተው ወይም አካላቸው ተበላሽቶ ይወለዱ ጀመር። ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1992 ከሌላ አካባቢ 20 ወንዶች አምጥተው ለቀቁ። ከአራት የመራቢያ ወቅቶች በኋላ በሕይወት የተገኙትን 8 እንግዶች ወደ መጡበት መለሱ። በቀጣዮቹ ዓመታት የእፉኝቶቹ ቁጥር ሽቅብ ወጣ። በሚኒ ሚዲያ ስናቀርበው "ሃያ ሙሽራ" የሚል ስም የሰጡት ተማሪዎቹ ናቸው፤ እኔ የለሁበትም።

የራሳችንም ጉዳይ አለ። በደቡብ ምዕራብ ደጋማ አካባቢዎቻችን የሚኖር፣ ሌላ አገር የማይገኝ እፉኝት አለን፤ ለሳይንስ የተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ1977 ነው። ዛሬ በውጭ አገር አርቢዎች እጅም ይገኛል። ልጆቹ በግድግዳ ጋዜጣቸው ላይ "ማን ከማን እንደተወለደ መዝገብ ይያዛል ወይ?" ብለው ጠይቀዋል። እኔም ብሆን የምጠይቀው ይህንኑ ነው።

ችግኝ ተከላውም ተካሂዷል፤ አብዛኛው ጸድቋል። በመጪው ዓመት ወደ ዶሮ እንዞራለን። የአባላቱ ቤተሰቦች አውራ ዶሮ እንዲለዋወጡ አድርገን የሚፈለፈሉትን ጫጩቶች እንመዘግባለን። ምዝገባ ጥቅምት ላይ ነው፤ ቤቱ ዶሮ ያለው ይቀደማል።