የዶርሴቱን ምንጅላት ፍለጋ

ውድ እኅቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽና ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። ዝምታችን እጅግ ረዘመ፤ ማን ቀድሞ እንደ ዘጋ ግን አንካሰስ። በመጨረሻው ደብዳቤሽ፣ ልጆችሽ ባንቺ በኩል ሰባት ቤት ሲቆጥሩ በአባታቸው በኩል ግን ከአያት ማለፍ እንዳቃታቸው፣ ስለ ምንጅላቱም በእንግሊዝ አገር፣ ዶርሴት በሚባለው አውራጃ ውስጥ የእርሻ ሠራተኛ ከመሆኑ በቀር የሚታወቅ ነገር እንደሌለ ጽፈሽልኝ ነበር። እነሆ መልሱ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

መሬት ያልነበረው የእንግሊዝ ባላገር ስለ ራሱ የጻፈው ነገር እምብዛም የለም። ኑዛዜ የለው፣ ውል የለው፣ በጋብቻ መዝገብ ላይ እንኳ ከፊርማ ይልቅ የመስቀል ምልክት አድርጎ የሄደ ብዙ ነው። የጻፉት ሌሎች ናቸው፦ የቆጠሩት፣ ያጠመቁት፣ የከሰሱት፣ ይልቁንም ሲቸገር ቀለብ እንዳይሰፍሩለት የፈሩት። ስለዚህ በየደረጃው «በዚህ ሰው ምክንያት ኪሱ የሚነካው ማን ነበር?» ብለሽ ጠይቂ። ወረቀቱ ያለው እዚያ ነው።

ፍለጋው ከታወቀው ወደ ኋላ ነው። መንግሥታዊ ምዝገባ የተጀመረው ጁላይ 1 ቀን 1837 ነው። የልደት ምስክር ወረቀት የእናትን የቤተሰብ ስም ይሰጥሻል፤ በዚያ ስም የወላጆቹን ጋብቻ ትፈልጊያለሽ፤ የጋብቻው ወረቀት የሙሽራውንና የሙሽሪትን አባቶች ስምና ሥራ ይነግርሻል። ማውጫው በሩብ ዓመት የተከፈለ ነው፤ የሚከተለውም የተመዘገበበትን ቀን እንጂ የተወለደበትን አይደለም። ለማስመዝገብ 42 ቀን ይፈቀድ ስለነበር የዲሴምበር ልጅ ብዙ ጊዜ በሚቀጥለው ዓመት የመጀመሪያ ሩብ ውስጥ ይገኛል። አለማስመዝገብ የሚያስቀጣው ከ1875 ወዲህ ስለሆነ ከዚያ በፊት የተዘለሉ ሕፃናት አሉ፤ እነርሱን በክርስትና መዝገብ ፈልጊ። ደግሞ ከጋብቻ ውጭ የተወለደ ሰው ሲያገባ ኃፍረቱን ለመሸፈን የአባት ስም ፈጥሮ ሊያስጽፍ ይችላል። የአባት ስም በሚጻፍበት በዚያ ሣጥን ላይ ብቻ የዘር ዛፍ አትትከይ።

የሕዝብ ቆጠራው በየ10 ዓመቱ ነው፤ የሰዎች ስም በሰፊው የሚገኘው ከ1841 ጀምሮ ሲሆን እስከ 1921 ያለው ለሕዝብ ተከፍቷል። የ1841ዱ አሳሳች ነው፦ ከ15 ዓመት በላይ የሆኑትን ዕድሜ ወደ ታች ወደ 5 ብዜት እንዲያወርዱ ታዘው ነበር፣ ስለዚህ የ39 ዓመት ሰው 35 ተብሎ ይገኛል። ዝምድናም አይጽፍም። ከ1851 ወዲህ ዝምድናና የትውልድ ሰበካ ይጨመራል። የልጆቹን የትውልድ ቦታ ከላይ ወደ ታች አንብቢ፤ አባትየው ከየትኛው እርሻ ወደ የትኛው እንደ ተዘዋወረ እዚያ አለ። በዶርሴት የዓመት ቅጥር ሠራተኞች ቤት የሚለቁት ኤፕሪል 6 ቀን ነበር። የ1861 ቆጠራ የተካሄደው ኤፕሪል 7፣ የ1871 ደግሞ ኤፕሪል 2 ነው፤ ስለዚህ በ1861 ገና ዕቃውን ባወረደበት ቤት፣ በ1871 ሊለቅ በተዘጋጀበት ቤት ልታገኚው ትችያለሽ። ቆጣሪዎቹ የእርሻ ሠራተኛ የሚለውን ሙያ በእንግሊዝኛ «አግ ላብ» ብለው ያሳጥሩታል፤ ገጹ ሙሉ ይህ ቃል ነው።

የ1911ዱ ቅጽ በቤቱ ባለቤት እጅ የተሞላ ስለሆነ ለብቻው ዋጋ አለው። ያገባች ሴት ስንት ልጅ በሕይወት እንደ ወለደች፣ ስንቱ እንዳለና ስንቱ እንደ ሞተ ይጠይቃል። ቁጥሩ ካገኘሻቸው ልጆች ከበለጠ የመንግሥታዊ ምዝገባውን ዋና መሥሪያ ቤት፣ የጀኔራል ሬጂስተር ኦፊስን ማውጫ ክፈቺ፤ የእናትን የቤተሰብ ስም ስለሚያሳይ በሁለት ቆጠራዎች መካከል ተወልደው የሞቱትን ትለቅሚያለሽ።

ከ1837 በፊት ያለው የሰበካው ቤተ ክርስቲያን መዝገብ ነው። ከ1813 ወዲህ የታተመ ቅጽ ስለሆነ የአባትን ሥራና መኖሪያ ይዟል፤ የቀብሩም ዕድሜ ይጽፋል። ከዚያ በፊት ያለው በብዛት አንድ መስመር ነው። ከ1752 በፊት አዲስ ዓመት የሚገባው ማርች 25 ነበርና የፌብሩዋሪ ክርስትና በአሮጌው ዓመት ተጽፎ ብታዪ አትደንግጪ፤ በሁለት ዘመን አቆጣጠር ለኖርን ለእኛ ይህ ብርቅ አይደለም።

አብዛኛው ሰው እዚህ ያቆማል፣ በእጁም የስምና የቀን አጽም ብቻ ይቀራል። ሰውየው ያለው ግን በድሆች ሕግ ወረቀቶች ውስጥ ነው። በ1662 ሕግ መሠረት እያንዳንዱ ድሃ የሚረዳው «የእኔ ነው» የሚለው ሰበካ ብቻ ነበር። ይህን መብት ከአባት መውረስ፣ ሴት ከሆነች በጋብቻ ማግኘት፣ በሙያ ተለማማጅነት፣ ወይም ልጅ የሌለው ላጤ ሆኖ አንድ ሙሉ ዓመት ተቀጥሮ ማገልገል ይቻላል። ገበሬዎቹም ይህን አውቀው ከዓመቱ ጥቂት ቀን ጎድሎ ይቀጥሩ ነበር። ሠራተኛው ታሞ ወይም ሥራ አጥቶ እርዳታ ሲጠይቅ በሁለት ዳኞች ፊት ይምላል፦ የት ተወለድክ፣ ማን ዘንድ ተቀጠርክ፣ በስንት ደመወዝ፣ ለስንት ጊዜ፣ ማንን አገባህ? መልሱ ሲጻፍ አንድ ገጽ የሕይወት ታሪክ ይሆናል። የሌላ ሰበካ ሰው ሆኖ ከተገኘ የማስወጫ ትእዛዝ ይከተላል፤ ትእዛዙ ለሁለቱም ሰበካዎች ስለሚደርስ አንዱ ዘንድ ቢጠፋ ከሌላው ፈልጊ። በክርስትና መዝገብ ላይ አባት የሌለው ልጅ ካጋጠመሽ ደግሞ እናትየዋ ስለ አባቱ የተጠየቀችበትን ቃልና አባትየው ለሰበካው የፈረመውን ዋስትና ፈልጊ፤ ሰበካው ልጁን በራሱ ወጪ ላለማሳደግ ስሙን አጥብቆ ይጠይቅ ነበር። በሒሳብ መዝገቡም ለጫማ፣ ለማገዶ፣ ለሬሳ ሣጥን የወጣው ከነስሙ አለ። በ1834 ሕጉ ተለውጦ በቅጥር የሚገኘው መብት ቀረ፣ ድሆች እየሠሩ የሚረዱበት የወርክሃውስ ዘመን ገባ፤ ከዚያ ወዲህ የግለሰቡ ታሪክ ይሳሳል።

የዶርሴት ወረቀቶች የሚገኙት ዶርቼስተር ባለው የዶርሴት ሂስትሪ ሴንተር ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝገቦቹን አንሴስትሪ በሚባለው የዘር ፍለጋ ድረ ገጽ ላይ ታገኚያለሽ፤ በብዙ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ደግሞ በነፃ ይከፈታል፣ ሳትጠይቂ አትክፈዪ። ፋሚሊ ሰርችና ፍሪ ቢ.ኤም.ዲ. የሚባሉት ድረ ገጾች ነፃ ናቸው።

በ1830 የመውቂያ ማሽን በመስበር፣ ወይም ጥንቸል በማደን ተከሶ ከሆነ የፍርድ ቤት መዝገብና የአካባቢው ጋዜጣ ይነግርሻል። ደመወዙን ለመገመት የቶልፐድልን መንደር ነገር አስቢ፤ እዚያው ዶርሴት ውስጥ በ1834 ማኅበር አቋቁማችሁ በመሐላ ተሳሰራችሁ ተብለው ስድስት ሰዎች ወደ አውስትራሊያ የተጋዙት የሳምንት ደመወዛቸው ከ9 ሺሊንግ ወደ 7 ወርዶ፣ ወደ 6 ሊወርድ ነው በተባለ ጊዜ ነበር። በ1836 ሕግ ለቤተ ክርስቲያን አሥራት ሲባል የተነሡት የመሬት ካርታዎችም መንደሩን ያሳያሉ፤ ግን የሠራተኛው ጎጆ ብዙ ጊዜ በገበሬው ስም ስለሚገባ የእርሱን ስም ብቻ አትፈልጊ።

ትልቁ ወጥመድ ሞክሼ ነው። በአንድ ሰበካ ውስጥ በአንድ ዘመን ሦስት ጆን ሊኖሩ፣ የሁለቱም ሚስት ሜሪ ልትባል ትችላለች። የእኛ ነው ያልሽውን ሕፃን በቀብር መዝገብ ገድለሽ ሞክሪ፤ በሁለት ዓመቱ ተቀብሮ ከተገኘ ሌላ ሰው ነው። የሟች ልጅ ስም ለሚቀጥለው ይሰጥ እንደ ነበርም አትርሺ። ስም ሲጠፋ በመጀመሪያ ስም፣ በዕድሜና በትውልድ ሰበካ ፈልጊ፤ ጸሐፊው የዶርሴትን አነጋገር እንደ ሰማው ነው የጻፈው፣ ባለስሙም ማንበብ ካልቻለ አያርመውም።

ለጊዜው የአያትየውን የልደት ምስክር ወረቀት አውጪና የእናቱን የቤተሰብ ስምና የተወለደበትን መንደር ላኪልኝ። የትኛውን ሰበካ አስቀድመን እንደምንፈትሽ ከዚያ እንመክራለን። ልጆቹን ሳሚልኝ፣ ለባለቤትሽም ሰላምታዬን አድርሺልኝ።

ያንቺው