የካቲት 15 ቀን ከእኛ ጋር ለዋላችሁ ሁሉ፦ የምስጋና መልእክት

ከሁሉ አስቀድሞ፣ ቀኑን በሰላም አስጀምሮ በሰላም ላስፈጸመን ፈጣሪ ምስጋና ይግባው።

እሑድ የካቲት 15 ቀን 2018 ዓ.ም. በአራት ኪሎና በፒያሳ ያከበርነው የስካውት መታሰቢያ ቀን አልፏል። አጣናው ተፈቷል፣ ድስቶቹ ታጥበው ለየባለቤቶቻቸው ተመልሰዋል፣ ገመዱም ፀሐይ ላይ ደርቆ ተጠቅልሏል። በዕለቱ ከመድረክ ላይ «ለተባበራችሁን ሁሉ» ብለናል። እንዲህ ያለው ምስጋና ለሁሉም ስለሚሆን ለማንም አይደርስም። ስለዚህ ማን ምን እንደሠራ፣ ሥራውም ለምን እንደጠቀመ ዘርዘር አድርገን እንጽፋለን። ስማችን አይጠራ ያላችሁ ብዙ ናችሁና ስም አንጠራም፤ ሥራችሁን ስታነቡ ራሳችሁን ታውቃላችሁ።

«ቀኑ ለምን የካቲት 15 ሆነ?» ላላችሁን ወላጆች፦ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ፌብሩዋሪ 22 የስካውት መሥራች የሎርድ ቤደን ፓወል የልደት ቀን ነው፤ የተወለዱት በ1857 ነው። ባለቤታቸው ኦሌቭም በዚያው ዕለት በ1889 ስለተወለዱ፣ የሴቶቹ የስካውት ማኅበር ገርል ጋይድ ከ1926 ጀምሮ ቀኑን ያስበዋል። እኛ ዘንድ ደግሞ በየካቲት 12 እና በየካቲት 23 መካከል ይውላል። የሰማዕታቱን ቀን አስበን፣ የዓድዋን 130ኛ ዓመት እየጠበቅን ሳለ ማለት ነው፤ ለልጅ ስለ አገር ለማውራት ከዚህ የተሻለ ሳምንት አይገኝም።

በግቢው ከአጣና የተሠራውን የበዓሉን በር ያቆማችሁ ወጣቶች፣ መጀመሪያ እናንተን። ከአጣና ተራ የመጣው 7 አጣና ከነልጣጩ ነበር። እርጥብ ባሕር ዛፍ ከነልጣጩ ከታሰረ፣ ሲደርቅ ልጣጩ ይላቀቅና ገመዱ ከእንጨቱ ላይ እንደ ሰፊ ቀለበት ይሽከረከራል። ዓርብ ማታ ቁጭ ብላችሁ አንድ በአንድ የላጣችሁት ልጆች ያዳናችሁን ከዚህ ነው። በሩ የተሠራው ሁለት ሁለት አጣና እንደ «ለ» ፊደል ጫፉ ላይ ተጣምሮ፣ በየእግሮቹ መካከል አጭር አግዳሚ ገብቶ፣ ሰባተኛው አጣና ደግሞ ሁለቱን «ለ» ከላይ አገናኝቶ ነው። 8 ቦታ ይታሰራል። ክንድ ለሚያህል አጣና አንዱ እሰር 5 ሜትር ያህል ገመድ ይበላል፤ በጠቅላላው 40 ሜትር ማለት ነው። ገመዱ ቃጫ ይሁን ብላችሁ መሟገታችሁም ልክ ነበር። ናይለን ያምራል፣ ግን ይለጠጣል፣ ቋጠሮውም ይንሸራተታል።

ማሰሩን ቆመው ያስተማሩልን የቀድሞ ስካውት ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ። ልጆቹ አሁን በቃላቸው የያዙት የእርስዎን አባባል ነው፦ በቋሚው አጣና ላይ፣ ከመገናኛው ዝቅ ብሎ፣ ክሎቭ ሂች (እንጨቱን ሁለቴ ዞሮ ራሱን የሚይዝ ቋጠሮ)፤ ከዚያ ገመዱ በአግዳሚው ፊትና በቋሚው ጀርባ እያለፈ 3 ዙር፤ ቀጥሎ በሁለቱ አጣናዎች መሐል ገብቶ ዙሩን የሚያንቅ 2 ጥምጥም፤ መጨረሻው በአግዳሚው ላይ እንደገና ክሎቭ ሂች። ጀማሪ ሁልጊዜ የሚዘላት ያቺን መሐል ገብታ የምታንቀውን ነው። እሷ ከሌለች ዙሩ አሥርም ቢሆን በሩ መወዛወዙን አይተውም። ሦስቱን እሰር አስፈትተው እንደ አዲስ ማሠራትዎ ያን ጊዜ ልጆቹን ትንሽ አስኮርፎ ነበር፤ የካቲት ከሰዓት በኋላ የሚያነሳው ነፋስ ሲመጣ ግን ማንም አላኮረፈም።

የግቢው መሬት ሲሚንቶ ስለሆነ ጉድጓድ መቆፈር አይቻልም። በሩን የያዙት 4 የመወጠሪያ ገመዶች ናቸው፤ እያንዳንዱ ገመድ ጫፉ ላይ ውኃ የሞላ 2 ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ታስሮለታል፣ 40 ኪሎ መሆኑ ነው። ገመዱ ከበሩ እግር የሚርቀው በበሩ ቁመት ልክ ነው፤ ካጠረ ነፋሱን አይችለውም፣ ከረዘመ ሰው ያደናቅፋል። የጀሪካን እጀታ ብቻውን ከታሰረ ይሰበራል፤ ስለዚህ በሁለቱ እጀታዎች ዱላ አሳልፎ ገመዱን በዱላው ላይ ማሰር ይሻላል። ችግር የመጣው ካልታሰበበት ነው፦ ልጆች ሲጠማቸው ከቅርቡ ጀሪካን ቀዱ፣ ክብደቱም አብሮ ተቀዳ! በ7 ሰዓት ላይ አንዱ ገመድ መላላቱን አይታችሁ ጀሪካኖቹን እንደገና የሞላችሁ፣ ከዚያም የማይጠጣውን ለመለየት በእጀታው ላይ ቀይ ክር ያሰራችሁ እህቶች፣ ይህ ብልሃት ለሚቀጥለው ዓመት በዝርዝራችን ውስጥ ገብቷል። ትልቁን ባነር ከበሩ ላይ አውርዶ ግድግዳ ላይ የሰቀለውም ወጣት ይመስገን። ባነር በነፋስ ፊት ሸራ ነው፤ በሩን ገፍቶ ይጥለው ነበር።

አሁን ወደ ኤግዚቢሽኑ። እኛ በበኩላችን የቀኑ ልብ ይህ ነበር እንላለን። በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተስፋፋው ስካውት ከአብዮቱ በኋላ ሲቋረጥ፣ ዕቃው የተረፈው በየቤቱ ሻንጣ ውስጥ ነው። ስካርፍ፣ የደረት ምልክት፣ ጥቁርና ነጭ ፎቶ፣ የካኪ ሸሚዝ አምጥታችሁ ያዋሳችሁን እናቶችና አባቶች፣ ዕድሜ ይስጥልን። ዕቃው ሲገባ እያንዳንዱ ቁጥር ተሰጥቶት፣ ምን እንደሆነና በምን ሁኔታ እንደመጣ («ጠርዙ የተቀደደ»፣ «መርፌው የዛገ») በሁለት ቅጂ ተጽፎ፣ አንዱ ቅጂ ከባለቤቱ ጋር ሄዷል። መዝገቡን የያዛችሁት ሁለት እህቶች «ፈርሙልን» ማለት እንዳሳፈራችሁ ነግራችሁናል። አትፈሩ፤ ዝምድና የሚፈርሰው ባልተፈረመ ውሰት ነው።

ስለ ፎቶዎቹ የሠራችሁት ለሌሎችም ትምህርት ስለሚሆን እንንገረው። ፎቶዎቹን በፕላስተርና በማስቲሽ ከመለጠፍ ይልቅ፣ ከወረቀት በታጠፉ አራት ማዕዘኖች ውስጥ አስገብታችሁ በካርቶን ላይ አስቀመጣችኋቸው። ጀርባቸው ላይ የተጻፈው ለስላሳ እርሳስ ብቻ ነው፤ እስክሪብቶ ወደ ፊት ለፊት ይዘልቃል። «ላሚኔት እናስደርጋቸው» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ነበር። እንኳን ተዋችሁት! ሙቀቱና ማጣበቂያው ከፎቶው ጋር አንድ ይሆናሉ፤ ከዚያ በኋላ መለየት የለም። በስልክ ኮፒ ስታነሱም ፍላሹን አጥፍታችሁ፣ ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት መስኮት አጠገብ፣ ስልኩን ከፎቶው ጋር ትይዩ አድርጋችሁ ነው። ዘንበል ካለ የሰዎቹ እግር ይረዝማል፣ ጭንቅላታቸው ያንሳል።

የብረት ምልክቶቹ ጉዳይ ለጥቂት ነው የተረፈው። ጠቁረዋልና ይወልወሉ ተብሎ አመድና ሎሚ መጥቶ ነበር። አመድና ሎሚ ለነሐስ መቅረዝ መልካም ነው፤ በምልክት ላይ ያለውን ስስ ልባጥና ቀለም ግን ይበላዋል። በደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ አቧራውን አንስታችሁ ጥቁረቱን በቦታው ስለተዋችሁት እናመሰግናለን፤ ጥቁረቱም ዕድሜው ነው። ስካርፎቹም ሳይታጠቡ፣ ነጭ አቡጀዲ ላይ ተዘርግተው፣ በላላ ስፌት ተያይዘው ታዩ። የድሮ ማቅለሚያ ውኃ ሲነካው ይፈስሳል፣ ስፒልም በጥቂት ወራት ውስጥ የዝገት ነጥብ ይተዋል።

በኤግዚቢሽኑ ጠረጴዛ ዙሪያ ልጆች ብዙ የጠየቁት ስለ አንዲት ትንሽ ሥዕል ነበር፦ ክብ፣ መሐሏ ላይ ነጥብ። በስካውት የመንገድ ምልክቶች ትርጓሜዋ «ወደ ቤት ሄጃለሁ» ነው። በዱላ አፈር ላይ ተስላ፣ ወይም በጠጠር ተሠርታ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ትቀመጣለች። ቤደን ፓወል ኬንያ፣ ኒየሪ ውስጥ በጃንዋሪ 1941 አርፈው ሲቀበሩ፣ በመቃብራቸው ድንጋይ ላይ የተቀረጸችው ይህችው ናት። ይህን ለእያንዳንዱ ተራ ሳይሰለቹ ሲያስረዱ የዋሉት እማማ፣ ድምፅዎ ተዘግቶ ሳለ እንኳ አላቆሙም።

ጉዞው አጭር ነበር፤ ከሚያዝያ 27 አደባባይ ቁልቁል ወደ ራስ መኮንን ድልድይ፣ ከዚያ ዳገቱን ወደ ፒያሳ። ልጆቹ 8 በ8 ሆነው፣ ከእያንዳንዱ ቡድን ፊትና ኋላ አንድ አንድ አዋቂ ቆሞ ሄዱ። አዝጋሚው ልጅ ከፊት ይሁን ያላችሁ መሪዎች ትክክል ናችሁ። ፈጣኑ ከፊት ሲሆን ሰልፉ ድልድዩ ላይ ይበጠሳል፣ የኋላው ልጅ ለመድረስ ይሮጣል፣ መሮጥ ደግሞ አስፋልት ዳር አደጋ ነው። አስፋልቱን ስንሻገር መኪና አቁመው ያሳለፉን ትራፊክ ፖሊሶች፣ እንዲሁም መንገዱን የለቀቁልን የጀበና ቡና እህቶች፣ ምስጋናችን ይድረሳችሁ። ባንዲራውን በሺት ቤንድ (ሁለት ገመድ ማያያዣ) ቋጠሮ ከገመዱ ጋር ያያዛችሁት፣ አረንጓዴው ከላይ መሆኑንም ከመሰቀሉ በፊት ሁለት ጊዜ ያያችሁት ልጆች፣ እናንተንም።

ስለ ምግቡ። ዘንድሮ ዐቢይ ጾምና ረመዳን ገጠሙ፤ ስለዚህ ማዕዱም ሰዓቱም ሁለቱን እንዲያከብር ሆኖ መታሰብ ነበረበት። ሽሮው ለ100 ሰው 5 ኪሎ ዱቄት፣ 8 ኪሎ ሽንኩርት፣ 3 ሊትር ዘይት ወስዷል። ሽሮ ከእሳት ሲወርድ ቀጠን ማለት አለበት፤ ተቀምጦ ሰው እስኪሰለፍ ይጠጥራልና። አንደኛው ድስት ሥሩ ሲያር ሳትፍቁት ላዩን ወደ ሌላ ድስት የገለበጣችሁት እናቶች፣ እጃችሁን ቁርጥማት አይንካው፤ አንዴ ከተፋቀ ጭሱ ድስቱን ሁሉ ይዞ ይሄድ ነበር። ለሚጾሙት ሙስሊም ልጆች ደግሞ 3 ተምር፣ 2 የምስር ሳምቡሳና አንድ ውኃ በየከረጢቱ ታሽጎ፣ ለማፍጠሪያ ቤት ይዘውት ሄደዋል። ፕሮግራሙ በ10 ሰዓት የተዘጋውም ለማፍጠሪያው ቤታቸው እንዲደርሱ ነው። በዳገቱ ላይ ጥላ ሥር ማረፊያ ይኑር ያላችሁት የመስጊድ ሰፈር ወላጆች፣ ሐሳባችሁ ለሁሉም ልጅ ጠቅሟል።

የመጀመሪያ ርዳታ ጠረጴዛው ላይ የዋላችሁ ነርሶች ብዙ ሥራ አላጋጠማችሁም፤ ተመስገን። ሁለት የአፍንጫ መድማት ነበር። አዋቂዎች ሮጠው የልጁን ራስ ወደ ኋላ ሊያቀኑት ሲሉ፣ እናንተ ወደ ፊት አዘንብላችሁ የአፍንጫውን ለስላሳ ክፍል 10 ደቂቃ ያዛችሁ። ወደ ኋላ ከቀና ደሙ ወደ ጉሮሮ ይወርድና ያስመልሳል። ይህን የቆሙት ወላጆች ሁሉ አዩ፤ ከትምህርቱ ክፍለ ጊዜ የበለጠ የተማሩትም እዚያ ይመስለናል።

በመጨረሻ በር ላይ ለቆማችሁት። ልጅ ሲገባ ቁጥር ያለው ካርድ ለሁለት ተቀዶ ግማሹ ከልጁ፣ ግማሹ ከወላጁ ጋር ሆነ፤ ሲወጣ ሁለቱ ግማሾች ካልገጠሙ ልጁ አይወጣም። «አጎቱ ነኝ፣ ካርዱ ጠፍቶብኝ ነው» ያሉ ነበሩ፤ ለእናት ተደውሎ እስኪረጋገጥ አስቆማችኋቸው። ተቆጥተውባችሁ ሊሆን ይችላል። የቆማችሁላቸው ለልጃቸው ነውና እኛ ስለ እነሱ ይቅርታ እንጠይቃችኋለን። ማንም አዋቂ ከአንድ ልጅ ጋር ብቻውን በክፍል እንዳይቀር፣ ሁልጊዜ ሁለት አዋቂ እንዲኖር የተቆጣጠራችሁትም እንደዚሁ።

ግቢውን የፈቀደልን ትምህርት ቤት፣ ጥበቃዎቹና የጽዳት ሠራተኞቹ፣ ውለታችሁን ለመመለስ ያብቃን። ወንበሮቹ ተቆጥረው ተመልሰዋል፤ አንዱ እግሩ የተነቀለው ተበይዶ ነገ ይመጣል።

በእጃችን የቀሩ ዕቃዎች አሉ፦ ቀይ ክር የታሰረባቸው 3 ጀሪካኖች፣ አንድ ትልቅ ጭልፋ፣ የሕፃን ሹራብ፣ እና ቁጥሩ የወደቀበት አንድ የቆየ ስካርፍ፤ ጠርዙ ቢጫ ሆኖ አንድ ጥግ ላይ በነጭ ክር የተሰፋ ነው። የስካርፉ ባለቤት የውሰት ቅጂዎን ይዘው ቅዳሜ ከ4 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት ወደ ግቢው ብቅ ይበሉ። እስከዚያው አቡጀዲ ተጠቅልሎ ከፀሐይ ርቆ ተቀምጧል።

አዘጋጅ ኮሚቴው
አዲስ አበባ፣ የካቲት 2018 ዓ.ም.