ከባቡር ከወረድን በኋላስ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ባለፈው እትማችሁ አንድ አንባቢ ስለ ባቡር የጻፉትን አነበብኩ። «ጣቢያው ከከተማ ውጭ መሠራቱ ነው ስህተቱ፤ እንደ ድሮው መሀል ለገሃር ቢሆን ኖሮ ሰው ሁሉ ይሳፈርበት ነበር» ይላሉ። ሰውየው ለባቡር ያላቸው ፍቅር ደስ ብሎኛል። ሀሳባቸው ግን ግማሹ ብቻ ነው የተዋጠልኝ።

እኔ ጡረተኛ የባቡር ቲኬት ሻጭ ነኝ። ለገሃር፣ መስኮት ውስጥ፣ ሃያ ስድስት ዓመት ተቀምጫለሁ። አሁን የምኖረው ከከተማው ዳር፣ ፉሪ ነው። የአዲሱ ጣቢያ ጣሪያ ከበረንዳዬ ይታየኛል። ነፋሱ ሲመች ጥሩንባውም ይሰማኛል። ያም ሆኖ ባቡሩ አምልጦኛል። መጀመሪያ እሱን ልናገር።

ባለፈው ክረምት የእህቴ ተዝካር ድሬዳዋ ነበር። ቲኬቴን ቀደም ብዬ ቆርጫለሁ። ባለቤቴ ድፎ ዳቦ ጋግራ፣ በነጠላ ጠቅልላ፣ በትልቅ ዘንቢል አድርጋ ሰጠችኝ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ሳይሞላ ወጣሁ። ዝናቡ ሌሊቱን ሲወርድ ነው ያደረው። ታክሲ የለም። እንደ ምንም አንድ ባጃጅ ተገኘ። «አባባ፣ አይዞዎት፣ አደርስዎታለሁ» አለኝ ልጁ። ከአስፋልቱ ወጥተን ብዙም ሳንሄድ የፊት ጎማው ጭቃ ውስጥ ገባና ቀረ። ልጁ መሪ ይዞ፣ እኔ ሱሪዬን እስከ ጉልበቴ ጠቅልዬ፣ በስልሳ ስምንት ዓመቴ ባጃጅ ገፋሁ። ጎማው በተሽከረከረ ቁጥር ጭቃውን የምቀበለው እኔ ነኝ። ጥሩንባውን የሰማሁት እዚያው ቆሜ ነው።

ባቡሩ በሰዓቱ ሄደ። ጥፋቱ የባቡሩ አይደለም። እያለከለኩ ለሚመጡ መንገደኞች በመስኮቴ በኩል «ወንድሜ፣ ባቡር ሰው አይጠብቅም» እያልኩ የኖርኩት እኔው ራሴ ነኝ። ይህንን ለባጃጁ ልጅ ስነግረው ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ሂሳብም አልቀበልም አለኝ። ከዳቦው ቆርሼ ሰጠሁት፤ እኔም ቆረስኩ። የቀረውን ይዤ በማግስቱ በአውቶቡስ ሄድኩ። ባለቤቴ ዳቦው ለምን ጎድሎ እንደገባ እስካሁን አታውቅም። ይህን ደብዳቤ ካወጣችሁት ታውቃለች።

እንግዲህ ይህን ቂም በሆዴ ይዤ ነው ጣሊያን የሄድኩት። ልጄ እዚያ ኦርቪዬቶ በምትባል ትንሽ ከተማ አንዲት አሮጊት ትጦራለች። «አባዬ፣ ሳትሞት አንዴ ና» ብላ ቲኬት ላከችልኝ። (የአውሮፕላን ቲኬት ነው፤ ሰው በቲኬት ሲያዝ እንዴት እንደሆነ ያኔ ገባኝ።) ከሮም በባቡር አንድ ሰዓት ከምናምን ነው መንገዱ። ጣቢያው ስንደርስ ወርጄ ዞር ዞር ብዬ አየሁ። ከተማ የለም። ቡና ቤት አለ፣ ጥቂት ቤቶች አሉ፣ መኪና ማቆሚያ አለ። «የታለ ከተማው?» አልኳት። ጣቷን ወደ ሰማይ ቀሰረች።

ኦርቪዬቶ አምባ ላይ ያለች ከተማ ናት። ልክ የእኛን አገር አምባ አስቡት። ዙሪያው ገደል፣ አናቱ ጠፍጣፋ፣ እዚያ ላይ ቤቱም ቤተ ክርስቲያኑም ተደርድሯል። ጣቢያው ግን ከታች፣ ፓሊያ በሚባለው ወንዝ ሸለቆ ውስጥ ነው። ለምን እዚያ እንደሆነ ለባቡር ሰው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ለሌላው ግን ልንገር። ብረት ጎማ በብረት ሐዲድ ላይ ዳገት አይወድም፣ ይንሸራተታል። ስለዚህ ሐዲድ ቀያሽ ወንዝ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ልጻፍና፣ ድሮ ከፍሎረንስ ወደ ሮም የሚወስደው ባቡር በፎሊኞ በኩል ይዞር ነበር። በኪዩሲና በኦርቪዬቶ በኩል አቋርጦ የሚያልፈው መስመር የተሟላው በ1875 ነው። ኦርቪዬቶ በዋናው መስመር ላይ ተገኘች። ግን ባቡሩ ከታች፣ ሰዉ ከላይ።

እዚህ ላይ ነው ልቤ የተነካው። እነሱም የእኛው ችግር ነበረባቸው ማለት ነው። የእነሱ እንዲያውም ይብሳል፣ ገደል ነው።

ታዲያ ምን አደረጉ? በ1888 አዶልፎ ኮዛ የሚባል መሐንዲስ ከጣቢያው እስከ አምባው በገመድ የሚጎተት ባቡር ዘረጋላቸው። ፉኒኮላሬ ይሉታል። ኤሌክትሪክ የለው፣ ከሰል የለው፤ የሚሠራው በውሃ ነበር። ነገሩ እንደ ሚዛን ነው። ሁለት ፉርጎ በአንድ ገመድ ጫፍና ጫፍ ይታሰራል። አንዱ ላይ ሆኖ፣ ሌላው ታች ይቆማል። የላይኛው ሆዱ ውስጥ ባለው ጋን ውሃ ይሞላበታል። ሲከብድ ቁልቁል ይወርዳል፣ ሲወርድ የታችኛውን ሽቅብ ይስባል። ታች ሲደርስ ውሃውን ይደፋል። ከዚያ ላይ የደረሰው በተራው ይሞላል። ይህን ልጄ ስታስረዳኝ ሦስት ጊዜ አስደገምኳት። ስላልገባኝ አይደለም፣ ስለጣመኝ ነው።

ሁልጊዜ ደህና ነበሩ ማለት ግን አይደለም። መኪና በዝቶ በ1970 ዘጉት። ሃያ ዓመት ቆሞ ነበር። በ1990 በኤሌክትሪክ አድርገው መልሰው ከፈቱት። ርዝመቱ 580 ሜትር ገደማ ነው። አሁንም ሁለት ፉርጎ ነው፤ መሀል ላይ ሐዲዱ ለሁለት ይከፈልና ወራጁና ወጪው ይተላለፋሉ። የሚተላለፉበት ቦታ ላይ እጄን አውለበለብኩ። ልጄ አፈረችብኝ።

ስለ ጣቢያው አሠራር ደግሞ ትንሽ ልበል፤ የሙያ ነገር ሆኖብኝ ዝም ማለት አልችልም። በማግስቱ ልጄ ሥራ ስትሄድ ብቻዬን ወርጄ ግማሽ ቀን ተቀምጬ አየሁት። የጣቢያው ቤት ከሐዲዱ ጎን ለጎን ነው የተሠራው። ፊቱ ወደ አደባባዩ፣ ጀርባው ወደ ባቡሩ። በአንዱ በር ገብተህ በሌላው ስትወጣ መስመር አንድ ላይ ነህ። ሌሎቹ መስመሮች ጋ ለመሄድ ከሐዲዱ ሥር በተቆፈረ መተላለፊያ ነው። ሐዲድ ላይ መረማመድ የለም። እኛ በመንገድ ጣቢያዎች ላይ መንገደኛው ከነዶሮው ሐዲድ ተሻግሮ ነበር የሚሳፈረው፤ ያለ አደጋ መክረማችን የእግዚአብሔር ቸርነት ነው። መስመሮቹ የበዙትም በከንቱ አይደለም። ቀርፋፋው ባቡር ወደ ዳር ይጠጋል፣ ፈጣኑ በመሀል ያልፈዋል። በጣም ፈጣኖቹ ደግሞ ጣቢያው ውስጥም አይገቡም። ከ1977 ጀምሮ በተከፈተው አዲስ መስመር፣ ፓሊያ ወንዝ ላይ በተዘረጋ ከ5 ኪሎ ሜትር በላይ በሚረዝም ድልድይ፣ በሩቁ ሽው ብለው ያልፋሉ።

ሰሌዳቸውን ወደድኩት። ከጣቢያው የሚነሱ ባቡሮች ሰዓት በቢጫ ወረቀት፣ የሚደርሱት በነጭ ወረቀት ነው የሚለጠፈው። ማንበብ የማይችል ሰው እንኳ በቀለሙ ይለየዋል። ለገሃር ሳለሁ «የሚመጣው ነው ወይስ የሚሄደው?» የሚል ጥያቄ በቀን መቶ ጊዜ እመልስ ነበር። አንድ ሰው ይህን ቢጫ ወረቀት ያኔ ቢነግረኝ ድምፄ እስካሁን ደህና ይሆን ነበር።

የሐዲዱ ስፋት 1.435 ሜትር ነው፤ የአሁኑ የእኛም ያው ነው። የድሮው የእኛ 1 ሜትር ብቻ ነበር። ይህን ለቡና ቤቱ ሰውዬ በእጄ እየለካሁ ላስረዳው ሞከርኩ። ማኪያቶ የፈለግኩ መሰለውና ሰጠኝ። ቢያንስ ማኪያቶ በሁለታችንም ቋንቋ ማኪያቶ ነው።

ዋናው ነገር ግን ከሁሉም ይልቅ ቀላል ነው። ከጣቢያው በር ስትወጣ፣ አስፋልቷን አሻግሮ፣ ፉኒኮላሬው ፊት ለፊትህ ነው። «ወዴት ነው?» ብለህ የምትጠይቀው ሰው አያስፈልግህም። ላይ ስትደርስ ደግሞ ትንሽ አውቶቡስ ቆማ ትጠብቅሃለች። ለፉኒኮላሬውም ለአውቶቡሷም አንድ ቲኬት ነው። እኔ በእርጅናዬ፣ ቋንቋ ሳልችል፣ ሻንጣ እየጎተትኩ፣ ከሸለቆ ተነስቼ አምባ ላይ ወጣሁ። ጫማዬ አልቆሸሸም።

በመመለሻዬ ሮም ላይ ልጄን አንድ ነገር አስቸገርኳት። ከትልቁ ጣቢያ፣ ከተርሚኒ፣ ትንሽ ራቅ ብሎ የዶጋሊ ሐውልት አለ። በ1887 በራስ አሉላ ጦር ዶጋሊ ላይ ለወደቁት ወታደሮቻቸው ያቆሙት ነው። የጣቢያው አደባባይም «የአምስት መቶዎቹ አደባባይ» ነው የሚባለው፣ በእነሱ ስም። ለገሃር ፊት ለፊት ያለው የእኛ የይሁዳ አንበሳ በወረራው ጊዜ ተዘርፎ የተተከለው እዚያ ሐውልት ሥር ነበር። በኋላ በ1960ዎቹ ተመለሰልን። ቦታውን ማየት ፈለግኩ። አየሁት። ሃያ ስድስት ዓመት ሥራ ስገባና ስወጣ የማየው አንበሳ እዚያ ብርድ ላይ ቆሞ ስንት ዓመት እንደከረመ ሳስብ፣ ምን እንደሆነ እንጃ፣ ጉሮሮዬ ተያዘ። ልጄ «አባዬ፣ ባቡር ያመልጥሃል» አለችኝ። ይህቺን ቃል ከማን እንደተማረች አውቃለሁ።

ወደ ጸሐፊው ልመለስ። ለገሃርስ መሀል ከተማ ነበር እንዴ? ባቡሩ በ1917 አዲስ አበባ ሲገባ ለገሃር ከከተማው በስተደቡብ፣ ከዳር ነበር። ስሙም «ላ ጋር» ከሚለው ፈረንሳይኛ የመጣ ነው፤ ጣቢያው ራሱ የሰፈር ስም ሆነ። አሁን የምናውቀው ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው። መሀል ያደረገው መንገዱ ነው። ከላይ ከከተማው ወደ ጣቢያው ሰፊ መንገድ ወረደ፣ በመንገዱ ዳርና ዳር ሱቁም ሆቴሉም መጣ። ስለዚህ የእኛው ጣቢያ ራቅ ብሎ መሠራቱን እንደ ኃጢአት አልቆጥረውም። ሰፊ ቦታ ይፈልጋል፣ የዕቃ ባቡርም አለ።

እኔን የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ከጅቡቲ እስከ እኛ ሰፈር ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ የኤሌክትሪክ ሐዲድ ተዘርግቷል። ከእኛ ሰፈር እስከ አዳማ ደግሞ ድርብ ነው። ይህ ሁሉ ተሠርቶ እኔ የተሸነፍኩት በመጨረሻዋ ጭቃ ነው። ያቺ ቁራጭ መንገድ የማን እንደሆነች ጠይቄ ነበር። አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው ላከኝ፣ ሌላው «የእኛ ሥራ እስከ አጥሩ ድረስ ነው» አለኝ። ስማቸውን አልጠራም፤ ያስተናገዱኝ ልጆች ጨዋዎች ናቸው፣ ሻይም ጋብዘውኛል።

ፉኒኮላሬ ሥሩልን አልልም፤ ፉሪ ገደል የለም። የምጠይቀው ትንሽ ነው። ባቡር በሚነሳበትና በሚገባበት ቀን ብቻ፣ ከአስፋልቱ እስከ ጣቢያው በር የምትመላለስ አንዲት ሚኒባስ። የባቡሩን ሰዓት የምታውቅ፣ ባቡሩ ቢዘገይ የምትጠብቅ። ክፍያው ከባቡር ቲኬቱ ጋር አብሮ ይቆረጥ፤ እንዴት እንደሚቆረጥ የሚያሳይ ሰው ከጠፋ እኔ በነጻ አሳያለሁ። ተሳፋሪው የሚጠለልበት ቆርቆሮ ጣሪያ። እና ያቺ ቢጫ ወረቀት፣ ታክሲ ተራው ላይ ትለጠፍ። ጠጠሩንስ እኛ የሰፈሩ ሰዎች አዋጥተን እናስደፋለን፤ በእድራችን አንስተነው ማንም አልተቃወመም።

በሚቀጥለው ወር የእህቴ ልጅ ሠርግ ነው፣ እዚያው ድሬዳዋ። ቲኬቴን ቆርጫለሁ። የባጃጁን ልጅ ስልክም ይዣለሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲመጣ ነግሬዋለሁ፤ አካፋ ይዞ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ ጡረተኛ ቲኬት ሻጭ፣ ከፉሪ