ሰው አንጎል ውስጥ ከርሜ

ወንድም ዓለም፣ እንዴት ከረምክ?

ሁለት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቻለሁ። ሰበብ አልደረድርም፤ ዛሬ ነገ ስል ቆየሁ፣ ኋላ ደግሞ ሐፍረቱ ተጨመረበት። ሥዕል አልተውክም አይደል?

የት ጠፋህ ካልከኝ፣ ሰው አንጎል ውስጥ ነበርኩ። በማግኔት የሰውነትን ውስጥ የሚያነሳው የኤምአርአይ መሣሪያ ምስሎች በቨርቹዋል ሪያሊቲ መነጽር፣ ማለትም ያጠለቀውን ሰው ምስሉ ውስጥ የቆመ በሚያስመስል መነጽር፣ እንዲታዩ የማድረግ ሥራ ይዣለሁ። ኤምአርአይ አንጎልን ገጽ በገጽ ነው የሚያሳየው። ልምድ ያለው ሐኪም ገጾቹን እያገላበጠ ቅርጹን በሐሳቡ ይገጣጥማል። እኔ ግን ዕጢው ከደም ሥሩ ፊት ይሁን ኋላ ይምታታብኝ ነበር። መነጽሩን ሳጠልቅ አንገቴን ዘንበል ማድረግ በቃኝ።

የመጀመሪያው ቀን ግን አያድርስ ነው! ምስሉ ለእያንዳንዱ ዓይን ለብቻው ተሠርቶ፣ በሰከንድ 90 ጊዜ ያህል መታደስ አለበት። የኔው 30 እንኳ አይሞላም። አንገቴን ሳዞር አንጎሉ ዘግይቶ ይከተለኛል። ዓይን ሌላ፣ ሚዛን የሚጠብቀው የውስጥ ጆሮ ሌላ ሲያወሩ ሆድ መሐል ይገባል፤ አቅለሸለሸኝ።

ሆዴን የሚበላኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ዲፊውዥን የሚባለው የኤምአርአይ ዓይነት፣ ውሃ አንጎል ውስጥ ወዴት ወዴት እንደሚያዘነብል ይለካል። ውሃው በነርቭ ክሮቹ አቅጣጫ መሄድ ስለሚቀለው፣ ኮምፒውተሩ ከዚያ ተነስቶ የነርቭ መንገዶችን ይስላል። ከግራ ቀኝ የሚሄዱት ቀይ፣ ከፊት ወደ ኋላ አረንጓዴ፣ ከላይ ወደ ታች ሰማያዊ። መሐላቸው ቆሜ አፌን ከፈትኩ። አንዱን ልነካ እጄን ስሰነዝር ከግድግዳ ጋር ተላተምኩ።

«ነርቭ አየሁ!» ብዬ ጮህኩ። ባልደረባዬ ሳቀችብኝ። «ያየኸው ግምት ነው» አለች።

እውነቷን ነው። ምስሉ ከተከፋፈለባቸው ጥቃቅን የመለኪያ ኩቦች የአንዷ ጎን 2 ሚሊሜትር ገደማ ነው፤ ውስጧ እጅግ ብዙ የነርቭ ክሮች ይታጨቃሉ። ክሮቹ በሚሻገሩበት ቦታ ስሌቱ ይስታል፤ የሌለ መንገድም ይስላል። ይህን አስቀድሜ አውቀው ነበር እኮ። ስክሪን ላይ ሳየው እጠራጠራለሁ። ዙሪያዬን ሲከበኝ ግን ጥርጣሬው የት እንደገባ እንጃ።

አሁን ስሌቱ የማይተማመንባቸውን መስመሮች አደብዝዣቸዋለሁ። የሚሞክሩት ሰዎች «ውበቱን ገደልከው» ይሉኛል። ደብዛዛውንም የሩቅ ነገር እየመሰላቸው ያልፉታል።

አንተ በእርሳስ ስትስል፣ እርግጠኛ ያልሆንክበትን መስመር እንዴት ነበር የምታሳየው? ቶሎ ጻፍልኝ፤ እንደኔ እንዳትሆን።

ያው ጠፊው ወዳጅህ