የብስክሌት ክበብ ዘገባ፦ ለማግስቱ የሚያዘጋጅ ልምምድ

የብስክሌት ክበባችን የዓመቱ ሥራ ያነጣጠረው አባላቱን ለዓመቱ መጨረሻ የአራት ቀን የጋራ ጉዞ በማብቃት ላይ ነበር። ጉዞው በቀን 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስኬዳል። ጤነኛ ተማሪ አንድ ቀን 60 ኪሎ ሜትር ቢነዳ ያን ያህል አይቸገርም። የሚከብደው በማግስቱ በዛለ እግርና በታመመ መቀመጫ ኮርቻ ላይ ተመልሶ መውጣት ነው። ልምምዳችን በሙሉ የታቀደው ለዚያ ማግስት ነው።

ከሁሉ በፊት የሚስተካከለው ኮርቻ ነው። ፔዳሉ ታች ሲደርስ ተረከዝ ላዩ ላይ አርፎ ጉልበት ቀጥ ማለት አለበት፤ በኋላ በፊተኛው የእግር መዳፍ ሲረገጥ ጉልበት በጥቂቱ ይታጠፋል። ኮርቻው ዝቅ ካለ የጉልበት ፊት ያማል። ከፍ ካለ ደግሞ የጉልበት ጀርባ ያማል፣ ዳሌም ግራና ቀኝ ይወዛወዛል። ተማሪዎች ገና በማደግ ላይ ስለሆኑ በዓመቱ መጀመሪያ የተለካው ኮርቻ ዓመቱ ሲጋመስ ዝቅ ብሎ ይገኛል፤ በየሁለት ወሩ ደግመን የምንለካው ለዚህ ነው። ከፍ ሲደረግም ኮርቻውን በያዘው ቧንቧ ላይ ከተቀረጸው የመጨረሻ መስመር ማለፍ የለበትም።

ርቀቱን የጨመርነው በዝግታ ነው። መነሻው በሳምንት 45 ኪሎ ሜትር ሲሆን፣ በሦስት ቀን ተከፍሎ የሚነዳ ነው። ከዚያ በየሳምንቱ አሥር በመቶ ገደማ ይጨመራል፤ 50፣ 55። አራተኛው ሳምንት ላይ ወደ 37 ዝቅ ይደረግና ቀጣዩ ዙር ከ60 ይነሳል። አባላት በብዛት የሚያጉረመርሙት በዚህ አራተኛ ሳምንት ነው፤ ጉልበት ተሰምቷቸው ሳለ ለምን እንደሚገቱ አይገባቸውም። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ልብና ሳንባ በጥቂት ሳምንታት ሲጠነክሩ ጅማቶች ግን ከእነሱ ዘግይተው ነው የሚላመዱት። ትንፋሹ የማይቆራረጥ ልጅ ጉልበቱን የሚጎዳው በዚህ ልዩነት መካከል ነው። በልምምድ ጊዜ ሙሉ ዓረፍተ ነገር መናገር የማይችል ከልኩ በላይ እየፈጠነ ነው። ከባድ ማርሽ እየገፉ መሄድም ጉልበትን ይጎዳል፤ ቀለል ያለ ማርሽ ይዞ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ዙር መርገጥ ይሻላል።

በሁለተኛው መንፈቅ ዓመት የተከታታይ ቀናት ልምምድ ተጀመረ። ቅዳሜ 30፣ እሑድ 20 ኪሎ ሜትር ብለን ቀስ በቀስ ወደ 45 እና 40 አደረስነው። በአንድ ቀን 80 ኪሎ ሜትር ከመንዳት ይልቅ ይህ ለብዙ ቀን ጉዞ በተሻለ ያዘጋጃል፤ ሰውነት ሳያገግም መነሳትን የሚለምደው በዚህ መንገድ ነው። የቅዳሜው ምግብ የእሑዱን ጉልበት እንደሚወስን አባላቱ ያዩትም እዚሁ ላይ ነው። ጉዞው ረጅም ሲሆን በሰዓት ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ያስፈልጋል፤ አንድ መካከለኛ ሙዝ 25 ግራም ያህል ይሰጣል። ረሃብ እስኪሰማ መጠበቅ አይገባም፣ ከደረሱም በኋላ በአንድ ሰዓት ውስጥ መመገብ ለማግስቱ ይበጃል። ውሃ በሰዓት ከግማሽ እስከ ሦስት ሩብ ሊትር፣ በሙቀት ከዚያም በላይ።

መቀመጫ እንዳይቆስል ስፖንጅ ያለው ቁምጣ ያለ ውስጥ ሱሪ ይለበሳል፣ በየቀኑም ይታጠባል። በየ15 ደቂቃው ከኮርቻው ተነስቶ ፔዳል ላይ ለአፍታ መቆም ደም እንዲዘዋወር ይረዳል።

ጓዝ የተጨመረው መጨረሻ ላይ ነው፤ መጀመሪያ 4፣ ከዚያ 8 ኪሎ፣ ግራና ቀኝ እኩል ተከፍሎ በተቻለ መጠን ወደ መሬት ዝቅ ብሎ። ጭነት ሲኖር ብስክሌቱ ለመቆም ረዘም ያለ ርቀት ይፈልጋል። የኋላ ቸርኬ ሽቦዎችም፣ በተለይ በማርሹ በኩል ያሉት ይበልጥ የተወጠሩት፣ ሊበጠሱ ስለሚችሉ ከእያንዳንዱ ጉዞ በፊት በጣት እየነኩ የላላውን መፈለግ ያስፈልጋል።

በቡድን ስንነዳ ከፊት ያለው ነፋሱን ስለሚከላከል ከኋላ የሚከተለው ብዙ ጉልበት ይቆጥባል፤ መሪው በየአምስት ደቂቃው የሚቀያየረው ለዚህ ነው። ተራ የደረሰው ፍጥነት መጨመር የለበትም። ደካማውን መጨረሻ ላይ ማሰለፍ ትልቅ ስሕተት ነው፤ ሰልፉ በየመታጠፊያው ተጨማድዶ ሲዘረጋ ርቀቱን ለመድፈን የሚሮጠው መጨረሻ ላይ ያለው ነው። የደካማው ቦታ ከመሪው ቀጥሎ ነው። የፊት ጎማን ከፊት ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን ማስገባት ፈጽሞ የተከለከለ ነው። ሁለቱ ከተነካኩ የሚወድቀው አብዛኛውን ጊዜ ከኋላ ያለው ነው።

ጥገናውን አባላቱ ራሳቸው ይሠራሉ። አዲስ ካቴና ከአንዱ ፒን መሃል እስከ 24ኛው ቀጣይ ፒን መሃል 304.8 ሚሊ ሜትር ነው፤ 307 ሲደርስ ካልተቀየረ የማርሹን ጥርሶች ይበላል። ጎማ ሲተነፍስ ቀዳዳው ይታያል። ጎን ለጎን ሁለት ከሆነ አየሩ አንሶ ጎማው በቸርኬው ተቆንጥጧል፤ አንድ ከሆነ እሾህ ወይም ስባሪ ሊሆን ስለሚችል የላይኛውን ጎማ ውስጡን በጥንቃቄ ዳብሶ ማውጣት ይገባል፣ አለዚያ አዲሱም ይበሳል። ማስቲሹ ከተቀባ በኋላ እስኪደርቅ ጥቂት ደቂቃ ሳይጠብቁ የለጠፉት አይይዝም።

የመጨረሻው ሳምንት ርቀት በግማሽ ይቀነሳል፤ አዲስ ጫማም አዲስ ኮርቻም አይሞከርም። በጉዞው የመጀመሪያ ቀን ፍጥነታቸውን የገቱት አባላት በሦስተኛው ቀን ዳገት ላይ ከሌሎቹ የተሻሉ ነበሩ።

ለቀጣዩ ዓመት የሚጨመረው የቁልቁለት ልምምድ ነው። ፍሬንን ያለማቋረጥ ይዞ መውረድ ቸርኬውን ያግለዋል፣ የውስጡን ጎማም ሊያፈነዳ ይችላል። ሁለቱንም ፍሬን ጠበቅ አድርጎ ይዞ መልቀቅ፣ ክብደትን ወደ ኋላ ማድረግ፣ ከመታጠፊያው በፊት ፍጥነትን መቀነስ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ በአጭር ቁልቁለት ላይ ያለ ጓዝ ይሠለጥናል።