ለኤልክ አደኑ የቀስት ዕቃ አያያዝ

ሰላም ለሁላችሁ፣ የሴፕቴምበሩ የኤልክ (ትልቅ የአጋዘን ዓይነት) አደን ስለደረሰ ስለ ዕቃ ትንሽ ልበላችሁ፣ ኮሎራዶ ተራራ ላይ ከመኪና ርቀን ስለምናድር የተረሳ ነገር ካለ ለማምጣት ብቻ ሙሉ ቀን ይቃጠላል።

ፍላጻ በሰው ከ6 እስከ 8 ይበቃል፣ ከዛ በላይ ሸክም ነው። ግን ሁሉንም ብሮድሄድ (ስለታሙን የአደን ጫፍ) ገጥማችሁ ተኩሳችሁ ሞክሩት፣ በልምምድ ጫፍ ቀጥ ብሎ የሚሄደው ብሮድሄድ ሲገባለት ሊያፈነግጥ ይችላል። አንድ የልምምድ ጫፍ ያለው ደግሞ ለይታችሁ ያዙ፣ ቦርሳ ላይ ሲንገላታ የዋለ ሳይት (የቀስቱ ማነጣጠሪያ) ሊዛነፍ ስለሚችል ካምፕ እንደደረስን ሁላችንም እንተኩሳለን። ሕጉንም እንዳትረሱ፣ ብሮድሄዱ ቢያንስ 7/8 ኢንች ስፋት፣ የቀስቱ የመሳቢያ ጉልበት ቢያንስ 35 ፓውንድ።

ሪሊዝ (ክሩን ይዞ የሚስበውና የሚለቀው መሣሪያ) ሁለት ያዙ በእናታችሁ! አንዱ ሳር ውስጥ ከጠፋ አደኑ አለቀ ማለት ነው። የዲ-ሉፕ (ክሩ ላይ ታስሮ ሪሊዙ የሚያያዝበት ቀለበት) ገመድ ቁራጭና ላይተርም ያዙ፣ ጫፉን አቃጥላችሁ ካላድቦለቦላችሁት ቋጠሮው ሾልኮ ይወጣል፣ ሙሉ ጉልበት ስባችሁ እያለ ከሆነ ደግሞ ጥርስ ያወልቃል። አለን ኪ (ባለ ስድስት ጎን መፍቻ)፣ የክር ሰም፣ የሬንጅፋይንደር (የርቀት መለኪያ) ባትሪ፣ እነዚህን ታውቃላችሁ።

የኮምፓውንድ (ጫፎቹ ላይ መዘውር ያለው ቀስት) ክር ያለ ፕሬስ (ቀስቱን ተጭኖ ክሩን የሚያላላ መሣሪያ) ስለማይቀየር ትርፍ ክር ብቻ መሸከም ብዙም አይጠቅምም፣ ይልቅ በዚህ ሳምንት ሱቅ ወስዳችሁ አሳዩት፣ ከተበላ ይቀየር። እኔን በጣም የሚያሳስበኝ እሱ ነው። አንድ ትርፍ ቀስት ደግሞ መኪና ውስጥ ይቀመጥልን፣ ማን እንደሚያመጣ እስከ ዛሬ ማታ ፃፉልኝ እሺ።