ለመቁረብ ሽበት የምንጠብቅ ሰዎች

ለተከበሩ አዘጋጅ፤

የቅዳሴው ፍጻሜ ሲቃረብ ሥጋ ወደሙን ለመቀበል የሚሰለፉትን አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? እናቶቻቸው ያቀፏቸው ሕፃናት አሉ፤ በምርኩዝ የሚራመዱ አረጋውያን አሉ። በመካከል ያለው ትውልድ ነጠላውን አጣፍቶ ዛፍ ሥር ቆሞ ያያል። ወንዱ በ40፣ ሴቷ በ80 ቀን ተጠምቀው የዚያኑ ዕለት ይቆርባሉ፤ ጉርምስና ሲመጣ ይተዋል፤ ከዚያ ሽበት እስኪወጣ የሚያስታውሰው የለም።

ምክንያቱን ብትጠይቁ «እኔ ምን በቅቼ!» ይላችኋል። ትሕትና ይመስላል፤ እኔ ግን እጠራጠራለሁ። ከሥሩ «አንድ ቀን እበቃለሁ» የሚል ሐሳብ አለበትና፤ ጉልበት ሲደክም፣ ምኞት ሲበርድ፣ ኃጢአት ራሱ ሲተወን። ለዚያ ቀን የሚሰጠው ደመወዝ እንጂ ጸጋ አይባልም። ካህኑ እንኳ ከመቀበላቸው በፊት «ከቤቴ ጣራ በታች ትገባ ዘንድ የሚገባኝ አይደለሁም» ብለው ይጸልያሉ። እንዲህ ብለው ወደ ኋላ አይመለሱም፤ ይቀበላሉ። «ሳይገባው» የሚለውን የ1ኛ ቆሮንቶስ 11፥27 ማስፈራሪያ ሁላችንም በቃላችን እናውቀዋለን። ቀጥሎ ያለውን ቁጥር ግን ስንቶቻችን እናነባለን? «ሰው ግን ራሱን ይፈትን፥ እንዲሁም ከእንጀራው ይብላ ከጽዋውም ይጠጣ» ይላል። ራሱን ፈትኖ ዛፍ ሥር ይቁም አላለም።

ጥፋቱ ሁሉ የፈሪው አይደለም፤ ፍርሃቱን ያሳደግነው እኛ ነን። አንዲት ወጣት ስትቆርብ ከታየች ሰፈሩ በሙሉ ፈታኟ ይሆናል። በታክሲ ሰልፍ ላይ ድምጿን ከፍ ካደረገች «ቆርባለች አልተባለም እንዴ!»፤ በእኅቷ ሠርግ ከጨፈረች «ይህችም ቆራቢ ናት!»። ባለትዳሮች ደግሞ ሌላ ሥጋት አለባቸው። አብሮ የቆረበ አይፋታምና «ትዳራችን ይጽና» እያሉ ዓመታት ያሳልፋሉ። በምን ሊጸና እንዳሰቡ ግን አይገባኝም።

ሰኔ 24 ቀን የምናስበው ሙሴ ጸሊም ከመመንኮሱ በፊት ሽፍታ ነበር፤ ነፍስም አጥፍቷል። በግብፅ በአስቄጥስ በረሃ ሳለ አንድ ወንድም በድሎ ሊፈርዱበት መነኮሳቱ ተሰበሰቡ። አበው እንደሚተርኩት ሙሴ አልሄድም ብሎ ቆየ፤ ሲልኩበት ጊዜ የሚያንጠባጥብ ማሰሮ ውኃ ሞልቶ ተሸክሞ መጣ። ምንድን ነው ቢሉት፣ «ኃጢአቴ ከኋላዬ እየፈሰሰ እኔ አላየውም፤ ዛሬ ግን በሌላው ልፈርድ መጥቻለሁ» አለ። ወንድማቸውን ምንም ሳይሉ ይቅር አሉት። ይህን ታሪክ በየዓመቱ ሰምተን በየሳምንቱ የጎረቤታችንን ማሰሮ እንፈትሻለን።

ሰው ቂሙን እንደያዘ፣ ሳይናዘዝ ዘው ብሎ ይግባ ማለቴ አይደለም። ቅዳሴው ራሱ ንጹሕ ያልሆነ አይቀበል ይላል፤ የ18 ሰዓቱም ጾም በቦታው ነው። ንጽሕናው የሚገኘው ግን በንስሐ ነው፤ በዕድሜ አይደለም። የምንሰናከለውም እዚህ ላይ ይመስለኛል። የንስሐ አባት የሌለው ቤት ጥቂት ነው። ይመጣሉ፣ ጠበል ይረጫሉ፣ ማዕዱን ይባርካሉ፣ የልጆቹን ትምህርት ይጠይቃሉ፣ መርቀው ይሄዳሉ። ቡና እየተፈላ፣ ጎረቤት ተጠርቶ፣ ልጆች ከክፍል ክፍል እየሮጡ ማን የሆዱን ይናገራል? የስቅለት ማታም ያው ነው። ካህኑ በወይራ ቅጠል ትከሻችንን ጠብ ጠብ አድርገው ስግደቱን ቆጥረው ይሰጡናል፤ ወዲያው ተረኛው ይቀርባል። እወደዋለሁ፤ በዓመት አንድ ቀን፣ ከኋላው የቆመው እየሰማው ግን የልቡን የሚዘረግፍ ሰው አላየሁም።

ስለዚህ ሰባኪዎቻችን ስለ ቁርባን ሲያስተምሩ ቁጥር 28ንም ያንብቡልን። የየደብሩ ሰበካ ጉባኤዎችም ለሕንፃ ማሠሪያ የሚደክሙትን ያህል ባይሆን እንኳ፣ በሳምንት ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ አንድ ካህን ለኑዛዜ ብቻ የሚቀመጡበት ጸጥ ያለ ክፍል ያዘጋጁ። ሰዓቱም በበሩ ላይ ይለጠፍ፤ ተናዛዡ አባን ፍለጋ ከቤት ቤት እንዳይዞር። ቦታ የለም እንዳይባል፣ እኔ በምሳለምበት ደብር የስብሰባ አዳራሹ ከእሑድ በቀር ተቆልፎ ነው የሚውለው።

አንድ ምእመን
ከአዲስ አበባ